«ጌይኑን ሙሉ ክፈተው» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሚኒባስ ሾፌር የሞተ ስፒከር በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ስፒከር ፎርጅድ ነው። ኦሪጅናሉን ግጠምልኝ» አለኝ። የስፒከሩን ወረቀት በሁለት አውራ ጣቶቼ ቀስ አድርጌ ገፋሁት። አሸዋ እንደገባበት ይፈጫል። ቀድጄ አሳየሁት። የመዳቡ ጥምጥም ከሰል መስሏል፤ ክሩ ከቦታው ተላቋል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ገና አልለቀቀም።

ከዚያ ወደ መኪናው ሄድኩ። አምፑ፣ ማለትም የቴፑን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ዕቃ፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ጌይን የምንለው ትንሽ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ወፍራሙን ድምፅ የሚጨምረው ቤዝ ቡስቱም አብሮት።

ስፒከሩ ፎርጅድ አልነበረም። ያቃጠለው ያ ትንሽ ማዞሪያ ነው። አዳማ ውስጥ የመኪና ድምፅ ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህ ታሪክ የማይገባበት ሳምንት የለም። ሰው በላቡ ያመጣውን ብር እንዲህ ሲያቃጥለው አንጀቴ ያርራል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚመጣው ሁሉ ላንብብለት።

«ጌይን ማለት የአምፑ ቮልዩም ነው»

አይደለም። የችግሩ ሁሉ እናት ይህች ናት።

ቴፑ አርሲኤ በሚባለው የድምፅ ገመድ ወደ አምፑ የሚልከው ምልክት ትንሽ ነው። አንዱ ቴፕ ቢበዛ 2 ቮልት ይልካል፣ ሌላው 4 ቮልት። አምፑን የሠራው ፋብሪካ እናንተ የትኛውን ቴፕ እንደምትገጥሙ አያውቅም። ስለዚህ ማስተካከያ አበጀለት። ጌይን ያ ማስተካከያ ነው። ማዞሪያውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብዙ አምፖች ላይ በአንዱ ጫፍ 6 ቮልት፣ በሌላው ጫፍ 0.2 ቮልት ተጽፏል። ይህ ቁጥር የድምፅ ልክ አይደለም። «ከቴፑ ይህን ያህል ቮልት ሲመጣልኝ ሙሉ አቅሜን አወጣለሁ» ማለት ነው።

አሁን አስቡት። ጌይኑን ሙሉ ስትከፍቱ አምፑ በ0.2 ቮልት ብቻ አቅሙን ይጨርሳል። ቴፓችሁ ግን 4 ቮልት የሚልክ ነው። ከሚፈለገው 20 እጥፍ ማለት ነው። ቮልዩሙ ገና ትንሽ ከፍ ሲል አምፑ አልቆለታል። ከዚያ በላይ የምትጨምሩት ኃይል አይደለም።

ስኒው ከሞላ በኋላ ጀበናውን ብታዘነብሉት ቡናው ረከቦቱ ላይ ነው የሚፈሰው። ጌይን መጨመር ስኒውን አያሰፋውም። 100 ዋት አምፕ ጌይኑ ቢከፈትም ባይከፈትም የሚሰጠው ንጹህ ኃይል 100 ዋት ነው።

የሚፈሰው ነገር ግን ስፒከሩን ይገድለዋል። ድምፅ እንደ ሐይቅ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚጓዘው። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የማዕበሉን ጫፍ ይቆርጠዋል። ጉብ ያለው ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሆናል። ክሊፒንግ የምንለው ይህን ነው። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ሲሆን ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ኃይል ከንጹሁ እጥፍ ድረስ ይደርሳል። 100 ዋት ይችላል ብላችሁ የገጠማችሁት ስፒከር ወደ 200 የሚጠጋ ይወርድበታል። ያ ቀጭን የመዳብ ክር ትርፉን ሁሉ በሙቀት ነው የሚከፍለው። ቫርኒሹ ይቀልጣል፣ ክሩ ይላቀቃል፣ ከዚያ መፍጨት ይጀምራል።

ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ትዊተሩ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተውም ለዚህ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። እነሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ትዊተሩ ነው የሚሄዱት። አንዲት ደንበኛዬ ቪትዝ አላት። ሦስት ጊዜ ትዊተር ቀየረች። ሦስቱንም ጊዜ የገጠመላት ሰው ጌይኑን አልነካም ነበር። እኔ ጋ ስትመጣ ትዊተር ቀይሬ ጌይኑን ወደ ሩብ አካባቢ አወረድኩት። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

«ግማሽ ላይ ካደረግኩት ችግር የለውም»

ግማሽ የሚባል ልክ የለም። በአንዱ ቴፕ ግማሽ ያንሳል፣ በሌላው ያቃጥላል።

«ትልቅ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል፤ ትንሽ ልግጠም»

እኔ ጋ ተቃጥሎ ከሚመጣው አብዛኛው ትንሽ አምፕ የተገጠመለት ነው። ትንሽ አምፕ በራሱ አያቃጥልም። ድምፁ ሲያንስ ሰው ጌይኑን ይከፍታል፣ ከዚያ ነው የሚያቃጥለው። አቅም ያለው አምፕ በልኩ ከተስተካከለ ላብ ሳይወጣው ንጹህ ይሰጣል።

«ሳጥኑ ላይ 1000 ዋት ይላል»

ሳጥኑን ተዉት፣ ፊውዙን እዩ። አምፑ ጎን ላይ 20 አምፔር ፊውዝ ካለ፣ በ14 ቮልት ሲባዛ 280 ዋት ነው። ከባትሪው የሚወስደው እንኳ ይህን ያህል ነው፤ ከዚያም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 1000 ዋት ከየት ይመጣል? ስፒከር ስትገዙም «ማክስ» የሚለውን ትታችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚችለውን ኃይል፣ ጠይቁ። ሻጩ አላውቅም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

«ቤዝ ቡስት ድምፅ ማሳመሪያ ነው»

6 ዴሲቤል ቡስት አምፑን 4 እጥፍ ኃይል ይጠይቀዋል። 12 ዴሲቤል ወደ 16 እጥፍ። እኔ ዜሮ ላይ አድርጌ ነው የማስረክበው። ቤዝ የፈለገ ጥሩ የስፒከር ሳጥን ያሠራ።

«ጆሮዬ ይነግረኛል»

ይነግራችኋል፣ ግን ዘግይቶ። በቤዝ ላይ መቆረጡ በጆሮ እስኪለይ ድረስ ጥምጥሙ ግሏል። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ መስኮት ከፍቶ ለሚመጣ ሾፌር ደግሞ ነፋሱና ጎማው የሻከረውን ድምፅ ይሸፍኑበታል። ሌላም አለ። የቆዩ ዘፈኖች ቀረጻቸው ዝቅ ያለ ነው። ለእነሱ ብላችሁ የከፈታችሁት ጌይን የዘንድሮ ዘፈን ሲመጣ ስፒከሩን ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ በምን ይስተካከል? በመልቲሜትር፣ በቮልት መለኪያው። ማንም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ኪሱ ውስጥ አለው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ባለሙያችሁ ይህን ካላደረገ ጠይቁት።

መጀመሪያ ስፒከሮቹን ከአምፑ እነቅላለሁ። ይህን መርሳት የለም፤ የምንለቀው ድምፅ ራሱ ስፒከር ያቃጥላል። ጌይኑን እስከ ታች አወርዳለሁ። ቴፑ ላይ ቤዝ፣ ትሬብል፣ ላውድነስ፣ ሁሉንም ዜሮ። ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ምክንያቱም አምፑ ሲሠራ የሚያገኘው የዲናሞውን 14 ቮልት አካባቢ ነው። የቴፑን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ላይ አደርጋለሁ። 40 ድረስ የሚሄድ ከሆነ 30። ብዙ ቴፕ ጫፉ ላይ ራሱ ድምፅ ይቆርጣል።

ከዚያ በፍላሽ የጫንኩትን የመለኪያ ድምፅ እለቃለሁ። ለቤዝ 50 ሄርዝ፣ ለፊት ስፒከር 1000 ሄርዝ። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጌ በስፒከር መውጫው ላይ እይዛለሁ።

ስንት ቮልት ላይ ላቁም? ዋቱን በስፒከሩ ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) አባዙት፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 75 ዋት በ4 ኦም 300 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 17.3 ቮልት። 300 ዋት በ2 ኦም 600 ነው፤ 24.5 ቮልት። ዋቱ የአምፑ ወይም የስፒከሩ አርኤምኤስ ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ከዚያ ጌይኑን በካቻቢቴ ቀስ እያልኩ እከፍታለሁ። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ እጄን አነሳለሁ።

ደንበኛው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ማዞሪያው ገና ሩቡን ሳያልፍ ቁጥሩ ይሞላል። «ይሄ ብቻ? የቀረው ሊባክን ነው?» ይላሉ። የቀረው ደካማ ምልክት ለሚልክ ቴፕ የተቀመጠ ነው። የእናንተ አይደለም።

«ጌይን ስጨምር የሚያፏጨው አምፑ ስለተበላሸ ነው»

ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ የሚጨምር ፉጨት ካለ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ እዩ። ቀለም ላይ ነው የታሰረው? ቀለሙን ፍቃችሁ ባዶ ብረት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። የአርሲኤ ገመዱ ከባትሪው ገመድ ጋር ተጠጋግቶ ከሄደም በሌላው ጎን አሳልፉት። ጌይኑ ያለ ልክ ሲከፈት ደግሞ ትንሹ ፉጨት ሁሉ ይገዝፋል።

«ቀትር ላይ ይጠፋል፣ ማታ ይሠራል፤ ተበላሽቷል»

በአዳማ ፀሐይ መኪናውን አቁማችሁ፣ አምፑን ምንጣፍ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ምን ይሁን? ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ምንጣፉን አንሱለት፣ አየር ያግኝ።

የሚኒባሱን አምፕ በ17.3 ቮልት አስተካክዬ ሾፌሩን ሸኘሁት። መጀመሪያ «ጋሼ፣ ቀነሰብኝ» አለ። ቮልዩሙን 30 ላይ አድርግና ከውጭ ስማው አልኩት። በሩን ዘግቶ ቆሞ ሰማ። ዘፋኙ የሚለው ቃል በቃል ይሰማል። ዝም ብሎ ገባ። ከመሄዱ በፊት ማዞሪያው ላይ በነጭ ኮሬክተር ምልክት አደረግኩለት። ረዳቱ ካቻቢቴ ይዞ ከነካካው ወዲያው ይታወቃል። ቴፑን የቀየረ ቀን ግን ያ ምልክት አይሠራም፤ አዲሱ ቴፕ የሚልከው ቮልት ሌላ ነውና እንደገና ተለክቶ ይስተካከል።