«ፕሪንሰስ ሮያል» ምንድን ነው?

የብሪታንያው ንጉሥ ቻርልስ እህት ልዕልት አን ስማቸው ሲነሳ ብዙ ጊዜ «ፕሪንሰስ ሮያል» ይባላል። ልዕልትነታቸውማ በትውልድ ነው። ይሄኛው ግን የነገሠ ወላጅ ለታላቅ ሴት ልጁ የሚሰጠው የተለየ ማዕረግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታላቅ ሴት ልጅ ስለሆነች ብቻ አታገኘውም። ወላጇ ፈቅዶ ሊሰጣት ይገባል። አንዴ ከተሰጣት ደግሞ እስክትሞት የእሷ ነው፤ እሷ በሕይወት እያለች ሌላ ሴት አትጠራበትም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ማዕረጉን ሳያገኙ የቀሩት ለዚህ ነው። አባታቸው ሲነግሡ አክስታቸው ሜሪ ይዘውት ነበር። ሜሪ ያረፉት በ1965 ነው፤ ያኔ ኤልሳቤጥ ከነገሡ 13 ዓመት አልፏቸዋል። አንም ቢሆኑ ያገኙት በ1987፣ በ36 ዓመታቸው ነው።

ልማዱ ከፈረንሳይ የተቀዳ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የቻርልስ ቀዳማዊ ሚስት ሄንሪዬታ ማሪያ የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ነበረች። በአባቷ አገር የንጉሥ ታላቅ ሴት ልጅ የራሷ መጠሪያ ስላላት ለልጇም እንደዚያው እንዲሆንላት ፈለገች። በ1642 ልጇ ሜሪ የመጀመሪያዋ ሆነች። እስከ አን ድረስ ማዕረጉን የያዙት ሰባት ናቸው።

ታዲያ ምን ያስገኛል? እውነቱን ለመናገር ከክብሩ በቀር ምንም። መሬት የለው፣ ሥልጣን የለው፣ ለልጅ አይተላለፍ።

ይህን ከንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ በላይ የሚያሳይ የለም። እሷም ቪክቶሪያ ነው ስሟ፤ ቤተሰቧ ቪኪ ይላታል። ማዕረጉ በ1841 ሲሰጣት ገና የሁለት ወር ሕፃን ነበረች፤ የዙፋኑም ተራ የእሷ ነበር። ዓመት ሳይሞላት ወንድሟ ተወለደና ተራው ወደ እሱ ዞረ። ከልጆቹ ሁሉ ጎበዟ እሷ ነበረች፤ አባቷ አልበርት ራሱ ያስተምራት ነበር። በ17 ዓመቷ ለፕሩሺያው ልዑል ፍሪድሪክ ተዳረች። በርሊን ግን «እንግሊዛዊቷ» እያለ በጎሪጥ አያት። ባሏ በ1888 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ሲሆን በጉሮሮ ካንሰር መናገር አቅቶት ነበር። በነገሠ በ99 ቀኑ ሞተ። ወዲያው የገዛ ልጇ ቪልሄልም ቤተ መንግሥቱን በወታደር አስከበበና የወላጆቹን ወረቀት አስፈተሸ። የፈለገውን አላገኘም። እናት ቀድማ ወረቀቱን እንግሊዝ አሽሽታው ነበር!

አንም ተራቸውን ለታናናሾቻቸው ለቀዋል። አንድሩ በ1960፣ ኤድዋርድ በ1964 ሲወለዱ ሁለቱም ቀደሟቸው። ወንድ ይቅደም የሚለው ደንብ የተሻረው በ2013 በወጣ ሕግ ነው፤ እሱም የሚሠራው ከኦክቶበር 28 ቀን 2011 በኋላ ለተወለዱ ብቻ ነው። ለአን አልደረሰም። እሳቸው ግን ሥራቸውን ሲሠሩ ኖረዋል። ከ1970 ጀምሮ ሴቭ ዘ ችልድረንን ለብዙ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1973 አገራችን መጥተው የስሜን ተራሮችንም አይተዋል።

ሕጉ የደረሰላት የልዑል ዊልያም ልጅ ሻርሎት ናት። በ2018 ሉዊ ሲወለድ ቦታዋን አልወሰደባትም። ቀጣይዋ ፕሪንሰስ ሮያል እሷ ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ግን አባቷ መንገሥ አለበት። ያኔም አን በሕይወት ካሉ ትጠብቃለች።