በርግሽታት ምንድን ነው?

«በርግ» በጀርመንኛ ተራራ ነው፣ «ሽታት» ደግሞ ከተማ። ሁለቱን ገጥሞ «የተራራ ከተማ» ማለት ቢቀልም ያሳስታል። በማዕድን ቆፋሪዎች አፍ «በርግ» ማዕድኑ የሚወጣበት ስፍራና ሥራው ራሱ ነው፤ «በርግማን» ሲሉም ቆፋሪውን እንጂ ተራራ ላይ የሚኖረውን ገበሬ አይደለም። በርግሽታት ማለት እንግዲህ ለማዕድን ሥራ ሲባል ልዩ መብት ተሰጥቶት የተቆረቆረ ከተማ ነው። ዳገት ላይ መገኘቱ ማዕድኑ እዚያ ስለተገኘ ብቻ ነው።

በሰሜን ጀርመን የሃርዝ ተራሮች ከሚታወቁት ሰባት በርግሽታቶች አንዱን፣ ሳንክት አንድሬአስበርግን እንያዝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከብሮከን ተራራ፣ ማለትም ከሃርዝ ከፍተኛው ጫፍ (1,141 ሜትር)፣ በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ቤቶቹ አብዛኞቹ ከ520 እስከ 720 ሜትር ባለው ዳገት ላይ ተደርድረዋል። ለእኛ ይህ ከፍታ ቆላ ነው። እዚያ ግን ክረምቱ ረጅም፣ በረዶው ብዙ ስለሆነ እህል በወጉ አይደርስም። መሬቱ የሚሰጠው ሣር፣ እንጨትና ውሃ ነው፤ የቆፋሪው ቤተሰብ አንድ ሁለት ላም ያረባ ነበር፣ እህሉ ግን ከቆላው በጋሪና በጭነት ከብት ይመጣ ነበር። የእህል ዋጋ ሲንር ቆፋሪው ይራባል፤ ቆፋሪው ከተራበ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ለዚህ ነው መንግሥት ከ1719 እስከ 1722 በተራሮቹ ግርጌ፣ በኦስተሮደ ከተማ፣ ለሃርዝ ቆፋሪዎች እህል በተወሰነ ዋጋ የሚከፋፈልበት ትልቅ ጎተራ ያሠራው።

ታዲያ እህል በማያበቅል ዳገት ላይ ሰው እንዴት ሰፈረ? መልሱ አንድ ደብዳቤ ነው። በ1521 አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የሆንሽታይን መሳፍንት «በርግፍራይሃይት» የሚባል የማዕድን ነጻነት አወጁ። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለው ደብዳቤ ይዘት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበር፤ የመጣ ሁሉ ማዕድን መፈለግ ይችላል፣ ለጉድጓዱና ለቤቱ የሚሆነውን እንጨት ከጫካው በነጻ ይቆርጣል፣ ገበያ ያቆማል፣ ይጠምቃል፣ ይጋግራል፣ ያርዳል፣ ከተራው ግብርና ከጉልበት ሥራም ነጻ ነው። በማዕድን ጉዳይ የሚዳኘውም በማዕድን ሹሙ ነው። ልግስና እንዳይመስል፤ መስፍኑ ከሚወጣው ሁሉ አሥራት ይወስዳል፣ ከማዕድኑ የሚገኘውን ብር ከማንም ቀድሞ እሱ በወሰነው ዋጋ የመግዛት መብትም ለራሱ አስቀርቷል።

ጉድጓድ መቆፈር ውድ ስለሆነ ባለቤትነቱ «ኩክስ» በሚባል ድርሻ ይከፋፈል ነበር፤ የተለመደው ቁጥር 128 ነው። ኩክስ ከዛሬው አክሲዮን የሚለይበት አንድ መራራ ነገር አለ። ጉድጓዱ ሲያተርፍ ባለድርሻው ይካፈላል፤ ሲከስር ግን ከኪሱ ይጨምራል፣ ካልጨመረ ድርሻውን ይነጠቃል።

ነጻነቱን ሰምተው ከመጡት ብዙዎቹ ከሳክሶኒና ከቦሂሚያ ድንበር፣ ከኤርትስገቢርገ ተራሮች፣ የተነሡ ባለሙያዎች ነበሩ። ቋንቋቸውንም ይዘው ነው የመጡት፤ በላይኛው ሃርዝ የሚነገረው የአነጋገር ዘዬ ዙሪያውን ካለው ይልቅ የሩቁን ኤርትስገቢርገ ይመስላል። በዚያው በኤርትስገቢርገ፣ በቦሂሚያ በኩል፣ ዮአሂምስታል የምትባል በርግሽታት ነበረች። ከብሯ የተመታው ገንዘብ «ዮአሂምስታለር»፣ አጥሮ «ታለር» ተባለ። ዶላር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ እኛ ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ቴሬዛ ታለርም የዚያው ዘር ነው።

ወደ አንድሬአስበርግ እንመለስና፣ የከተማዋ ዋና ጉድጓድ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሶምሶን ስም ዛምዞን ይባላል። ከ1521 እስከ 1910 ተሠርቶበት 810 ሜትር ጠለቀ፤ ታችኛው ጫፍ ከባሕር ወለል በታች ነው ማለት ነው። ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር ውሃ ይሞላዋል፣ ማዕድኑን ማውጣትም ጉልበት ይጨርሳል። የሃርዝ ሰዎች ጉልበቱን ያገኙት ከዚያው ከውሃ ነው፤ ወራጅ ውሃ ፓምፑንና ማውጫውን የሚያንቀሳቅስ መንኮራኩር ያዞራል። ከ1715 እስከ 1722 ኦደርታይሽ የተባለውን ግድብ ከግራናይት ሠሩ፤ 1.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስም በጀርመን የሚተካከለው አልነበረም። ከግድቡ እስከ ከተማዋ ሬበርገር ግራበን የሚባል ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ የተራራውን ወገብ ይዞ ይሄዳል። ዘዴው ተዳፋቱን ማሳነስ ነው፤ ቦዩ ቁልቁል ከቸኮለ ከተማዋ ሲደርስ መንኮራኩሩን የሚመታበት ከፍታ አይተርፈውም። በክረምት ውሃው በረዶ እንዳይሆን በሳንቃና በጥድ ቅርንጫፍ ይከደን ነበር። ድርቅ ከመጣ ግን መላ የለውም፤ መንኮራኩሩ ይቆማል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ታችኛው ክፍል ይጥለቀለቃል።

በዛምዞን ሁለት መንኮራኩሮች አሉ። ባለ 9 ሜትሩ ማዕድን ያወጣ ነበር፤ በጠርዙ ላይ ሁለት ረድፍ የውሃ ቋቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ተገጥመውለታል፣ ውሃው ወደ አንዱ ረድፍ ሲለቀቅ ወደ ፊት፣ ወደ ሌላው ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይዞራል። ባለ 12 ሜትሩ ፓምፖቹን ያንቀሳቅስ ነበር። ፓምፑ ደግሞ ውሃውን እስከ ምድር ፊት ማንሣት አይጠበቅበትም ነበር፤ 190 ሜትር ጥልቀት ላይ ዚበርሽቶለን የሚባል ዋሻ ወደ ሸለቆው ስለተፈለፈለ ውሃው በዚያ በራሱ ይወጣል። ከ810 ሜትሩ የሚቀረው 620 ነው ማለት ነው።

ሰውስ? ለዘመናት በመሰላል ነበር የሚወርደው፤ ከፈረቃ በኋላም ደክሞ በመሰላል ይወጣል። በ1833 በላይኛው ሃርዝ «ፋርኩንስት» የተባለ መሣሪያ ተፈለሰፈ፣ ዛምዞን በ1837 ተከለው። ሁለት ረጃጅም የሽቦ ገመዶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ በየተወሰነው ርቀት መርገጫና መያዣ አላቸው። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይገላበጣሉ። ቆፋሪው በሚወጣው ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ ለቅጽበት ቀጥ ሲሉ ወደ ጎን ተሻግሮ ሌላውን ይረግጣል፤ ያኛውም በተራው ይዞት ይወጣል። በጨለማ ውስጥ እርምጃውን የሳተ ግን መጨረሻው አያምርም። የሽቦ ገመዱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ዊልሄልም አልበርት በ1834 ክላውስታል ላይ የሠራው የመጀመሪያው ገመድ በሦስት ጅማት የተገመዱ 12 ሽቦዎች ነበሩት። ከዚያ በፊት የነበረው የቃጫ ገመድ ይበሰብሳል፣ ሰንሰለቱ ደግሞ አንዲት ቀለበቱ ስትሰነጠቅ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል።

ብሩ ሲሳሳ ከተማዋ ሌላ ገቢ ፈልጋለች። ሴቶችና ልጆች ከእንጨት ትናንሽ የወፍ ቤቶች ይሠሩ ነበር፤ «ሃርዘር ሮለር» የምትባለው፣ አፏን ዘግታ የምትዘምረው ካናሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ አሜሪካ ተሸጣለች። ካናሪ ሲባል መርዛማ ጋዝ እንድትለይ ጉድጓድ የሚወስዷት ወፍ ለሚታወሰው፣ ያ በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች የተለመደ ነው፤ እዚህ የምትፈለገው ለዝማሬዋ ነበር።

ከ2011 ጀምሮ አንድሬአስበርግ በአስተዳደር የብራውንላገ ከተማ ክፍል ናት፤ «በርግሽታት» የሚለውን ማዕረግ ግን ከስሟ ጋር ይዛ ቀርታለች። የላይኛው ሃርዝ የውሃ ሥራ በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ሬበርገር ግራበንም ዛሬ ድረስ ውሃ ያመጣል፤ ውሃው በዛምዞን ጉድጓድ ወርዶ 130 እና 190 ሜትር ላይ ያሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ያዞራል፣ የማመንጫው ሠራተኞችም ወደዚያ የሚወርዱት በፋርኩንስቱ ነው።