«በነጭ ልብስ ሄደሻል፣ በነጭ ከፈን ተመለሺ»፦ የኢራናውያኑ አባባል ከየት መጣ?

በፋርስኛ «ባ ሌባሴ ሴፊድ ራፍቲ፣ ባ ካፋኔ ሴፊድ ባርጋርድ» ይላሉ። «በነጭ ልብስ ሄደሻል፣ በነጭ ከፈን ተመለሺ» ማለት ነው። የሚባለው ለሙሽራ ነው። ከአባቷ ቤት በቬሎ የወጣች ልጅ ከባሏ ቤት የምትወጣው ተገንዛ ብቻ ነው፣ በቃ።

መጀመሪያ ስሰማው እርግማን መስሎኝ ነበር። ለካ ምክር ነው። አባት ይለዋል፣ እናትም ትለዋለች፣ አያትም። እኔን የከነከነኝ የእናትየው ነገር ነው።

ነጭ ቬሎ ኢራን የገባው ከአውሮፓ ነው። የድሮ ሙሽሮች በቀይም በአረንጓዴም ይዳሩ ነበር። ስለዚህ አባባሉ በዚህ መልኩ ያን ያህል ጥንታዊ አይመስለኝም። ግን «ልብስ» በሚለው ፈንታ «ቻዶር» የሚሉም አሉ፤ ቻዶር ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነው ሰፊ ጨርቅ ነው፣ ለሙሽራ ደግሞ ነጭ ይሆናል። ልብስም በሉት ቻዶር፣ ከከፈን ጋር የሚያመሳስለው ቀለሙ ብቻ አይደለም። ሙሽራን የሚያለብሷት ሴቶች ናቸው። ሴት ስትሞት አጥበው የሚገንዟትም ሴቶች ናቸው። ልጅቷ ሁለቱንም ቀን በሌላ ሴት እጅ ላይ ናት።

የኒካሁን ሥነ ሥርዓት ላየ ሰው ይሄ ወለል ብሎ ይታየዋል። ሙሽሮቹ መስታወትና መቅረዝ ከተደረደረበት ስፍራ ፊት ይቀመጣሉ። ከራሳቸው በላይ ሴቶች ነጭ ጨርቅ ወጥረው ይይዛሉ፣ አንዷ ሁለት የስኳር ድንጋይ ይዛ ታፋትጋለች፣ ስኳሩ ጨርቁ ላይ ብን ብን እያለ ይወርዳል። ይህን እንዲሠሩ የሚመረጡት ትዳራቸው የሰመረላቸው ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለችዋን ሴት «ሴፊድ ባኽት» ይሏታል፣ ዕድሏ ነጭ የሆነ እንደማለት። የፈታች ሴት በብዙ ቤተሰብ ወደ ጨርቁ አትጠጋም።

አስፈጻሚው ሙሽራዋን ፈቃዷን ይጠይቃል። ዝም። ሴቶቹ «ሙሽራዋ አበባ ልትቀጥፍ ሄዳለች» ብለው ይመልሱላታል። ደግሞ ይጠይቃል። «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች።» በሦስተኛው ራሷ ትናገራለች፦ «በአባቴ፣ በእናቴና በታላላቆቼ ፈቃድ፣ ባሌ።» «ባሌ» በፋርስኛ «አዎ» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ይገርማል። እልልታው ይቀልጣል። የራሷን «አዎ» እንኳ ከታላላቆቿ ፈቃድ በኋላ አስከትላ ነው የምትለው።

እሺ፣ እናት ለገዛ ልጇ ለምን «ሬሳሽ ይምጣ» ትላለች? ጨክና አይመስለኝም። መመለሻው መንገድ በእውነት ዝግ ስለነበር ነው። የኢራን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1133 ባል በፈለገ ጊዜ ሚስቱን መፍታት ይችላል ይል ነበር። ሚስት ግን የደረሰባትን በደል በማስረጃ ማሳየት ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1967 የቤተሰብ ጥበቃ ሕግ ወጣና ፍቺ በፍርድ ቤት በኩል እንዲያልፍ ሆነ፣ ለሴቷም በር ተከፈተላት። በ1975 ሕጉ ሲሻሻል የሴት ልጅ መዳሪያ ዕድሜ 18 ሆነ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ይህ ሁሉ ተሻረና ዕድሜው ወደ 9 ወረደ፤ ወደ 13 ከፍ ያለው በ2002 ነው። አስቡት እንግዲህ፣ እናት በ1970 ያገባችበት፣ ልጅ ደግሞ በ1985 ያገባችበት አንድ ቤት ቢኖር፣ የልጅቷ መብት ከእናቷ ያነሰ ነበር ማለት ነው።

የልጆች ነገር ደግሞ አለ። የተፋታች እናት ወንድ ልጇን እስከ 2 ዓመቱ፣ ሴት ልጇን እስከ 7 ዓመቷ ብቻ ታሳድግ ነበር፣ ከዚያ ለአባት። በ2003 ነው ለሁለቱም 7 የተደረገው። የሁለት ዓመት ልጇን ጥላ የምትወጣ እናት ስንት አለች?

ተጣልታ ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ቤት ብትመጣስ? ሽማግሌ ይላካል። በፋርስኛ ሽማግሌ «ሪሽ ሴፊድ» ነው፣ ነጭ ጢም። ይመክራሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ትመለሳለች። እናቷ በር ድረስ ሸኝታት በጆሮዋ የምትላት ሌላ አባባል አለ፦ «ቤሱዝ ኦ ቤሳዝ»። «ሱኽታን» መቃጠል ነው፣ «ሳኽታን» መሥራትም ነው፣ ካለው ጋር ተስማምቶ መኖርም ነው። በእኛ አነጋገር «እርር ድብን እያልሽ ቻዪው» ቢባል ይቀርበዋል። «ቻዪው ልጄ» የሚለውን እኛም ቤት የማያውቀው የለም።

የሚያስፈራቸው «አቤሩ» የሚሉት ነው፣ ክብር፣ ስም። ቃሉ ሲፈታ «የፊት ውሃ» ይሆናል። ከፈሰሰ አይታፈስም። አያትየው የቻለችው ለእናትየው ስም ነው፣ እናትየው የቻለችው ለልጇ ስም፤ ሸክሙ እንዲህ ሲወራረስ አንዷም የራሴ ነው ብላ አልጀመረችውም።

መልስ የሚሰጥ አባባልም አላቸው፣ እኔ በጣም የምወደው። «ሜህራም ሃላል፣ ጁናም አዛድ።» መህሬ ሐላል ይሁንልህ፣ ነፍሴ ነጻ ትውጣ። መህር ባል ለሚስቱ ሊሰጣት በጋብቻ ውሉ የሚገባላት ሀብት ነው። ይሄኛው አመጣጡ ግልጽ ነው፤ ሚስት መህሯን ትታ የምትፈታበት ኹልዕ ከሚባለው ፍቺ ነው። መህር በኢራን ብዙ ጊዜ በወርቅ ሳንቲም ይቆጠራል፣ በኢራን ዘመን አቆጣጠር በሙሽራዋ የልደት ዓመት ቁጥር ልክ ከ1,300 በላይ ሳንቲም የሚጽፉም አሉ። ሲዋዋሉ «መህርን ማን ሰጠ፣ ማንስ ተቀበለ» ይባላል። የሚታወሰው ለመውጣት ስትፈልግ ነው፤ ያን ሁሉ ወርቅ ትታ ነፍሷን ትገዛበታለች።

ዛሬ ፍቺው በዝቷል፣ አባባሉን ፊት ለፊት የሚቃወሙ እናቶችም አሉ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ሌላ ነጭ አምጥተዋል፦ «ኤዝዴቫጄ ሴፊድ»፣ ነጭ ጋብቻ። ሳይፈራረሙ አብሮ መኖር ነው። ሕጉ አይፈቅደውም። እያንዳንዱ ኢራናዊ «ሼናስናሜ» የሚባል ትንሽ የመታወቂያ ደብተር አለው፣ ትዳርም ፍቺም የሚጻፍበት ገጽ ያለው። እነዚህ ልጆች ገጹን ባዶ ይተዉታል፣ ነጭ የተባለውም ለዚህ ነው።