ዲሲሪያላይዜሽን ምንድን ነው? «ፕራይቬት ነው እኮ» ለሚሉ

በጽሑፍ መልክ የተቀመጠን ኦብጀክት (ፕሮግራም ውስጥ ዳታና ሥራውን አንድ ላይ የያዘ ነገር) መልሶ ኦብጀክት ማድረግ ነው። ይሄን የማያውቅ የለም፣ እንለፈው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከኩኪ (ብራውዘሩ ከሚልከው፣ ተጠቃሚው ሊቀይረው ከሚችለው ጽሑፍ) የመጣ ዳታ እንዳለ ይህን ሥራ ለሚሠራው የፒኤችፒ ፈንክሽን፣ ለአንሲሪያላይዝ፣ ሲሰጥ «ኧረ አደጋ አለው» ስትል፣ አንዱ ይነሳና «ፕሮፐርቲዎቹ ፕራይቬት ናቸው፣ ኮንስትራክተሩም ሁሉን ይፈትሻል» ይልሃል። የኦብጀክቱን ዳታ (ፕሮፐርቲውን) ከውጭ ያለ ኮድ አይነካውም፣ ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድም (ኮንስትራክተሩ) ይቆጣጠራል ማለቱ ነው። ወንድሜ፣ ኮንስትራክተሩ እኮ ጭራሽ አይጠራም!

ኮንስትራክተር በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው እንበል። አንሲሪያላይዝ በበሩ አይመጣም። ጣራውን ከፍቶ ሰውየውን ሳሎን ያወርደዋል፣ ኪሱን የሞላው ደግሞ ላኪው ነው። ዘበኛው ምንም አላየም። ጉዱ ያለው መውጫው ላይ ነው፤ ቤቱ «ማንም ሲወጣ ኪሱ ውስጥ የተጻፈውን ዕቃ ያቃጥል» የሚል ደንብ ካለው፣ እንግዳው ደንቡን አክብሮ ያቃጥላል። ይህ ደንብ ኮድ ላይ ዲስትራክተር ይባላል፤ ኦብጀክቱ ሲጠፋ በራሱ የሚሮጥ ኮድ ነው።

ወደ ኮዱ እንምጣ። ጊዜያዊ ፋይል የሚይዝ ክላስ (ኦብጀክት የሚሠራበት ንድፍ) አለ፣ ዲስትራክተሩ ፋይሉን ያጠፋል። ላኪው የዚህን ክላስ ኦብጀክት ይልክና የፋይሉ አድራሻ ቦታ ላይ የኮንፊግ ፋይልህን (የፕሮግራምህ ማስተካከያዎች ያሉበትን) አድራሻ ይጽፋል። ክላሱን አንተ ባትጽፈውም፣ ከሆነ ላይብረሪ ጋር ገብቶ አውቶሎደሩ (ክላስ ሲፈለግ ፋይሉን በራሱ የሚጭነው ኮድ) ካገኘው በቂ ነው። «ከተከፈተ በኋላ ዓይነቱን አይቼ እጥለዋለሁ» ማለትም አያዋጣም። ስትጥለው እኮ ነው ዲስትራክተሩ የሚሮጠው!

ፕራይቬቱስ? ጽሑፉ ውስጥ የፕራይቬት ፕሮፐርቲ ስም የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ዜሮ ባይት፣ የክላሱ ስም፣ ዜሮ ባይት፣ ከዚያ የፕሮፐርቲው ስም። አለቀ። ቁልፍም ፊርማም የለውም፣ ማንም በእጁ ይጽፈዋል።

ከፒኤችፒ 7.0 ጀምሮ የሚፈቀዱትን ክላሶች መገደብ ይቻላል። ጥሩ ነው፣ ግን ማኑዋሉ ራሱ ገደቡ ኖረም አልኖረም ከማታምነው ሰው የመጣ ዳታ አትስጠው ይላል። ምክንያቱም በሲ የተጻፈው የውስጥ ኮድ ላይ የተለቀቀ ሜሞሪን መልሶ የመንካት ስህተት በተደጋጋሚ ተገኝቷል፣ ለዚያ ደግሞ የአንተ ክላስ አያስፈልግም። ዳታ ብቻ ከሆነ የምታመላልሰው ጄሶን (ዳታ ብቻ የሚይዝ የጽሑፍ ፎርማት) ተጠቀም። የግድ ኦብጀክት ከሆነ በኤችማክ (በሚስጥር ቁልፍ የሚሠራ ፊርማ) ፈርምበት፣ ፊርማውንም ከመክፈትህ በፊት አረጋግጥ።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር፦ ከ8.0 በፊት ባለ ቨርዥን ላይ ከሆንክ አንሲሪያላይዝን ከኮድህ ማጥፋትህ ብቻ አያድንህም፤ በፋር (የፒኤችፒ የታሸገ ፋይል ዓይነት) አድራሻ የተሰጠ ፋይል መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ብቻ ፋሩ ውስጥ የተቀመጠውን ተጨማሪ መረጃ (ሜታዳታውን) ራሱ አንሲሪያላይዝ ያደርገው ነበር።