ልዩ ፍላጎት ላላቸው ታዳጊዎች አዲስ ት/ቤት ማቀድ

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ሚታየው ትንሽ ልጅ ነው፣ ፊደል ሚቆጥር፣ ቀለም ሚለይ። እውነትም አገራችን ላይ ያለው ጥቂት ነገር ባብዛኛው የተሰራው ለትናንሾቹ ነው። ልጁ ግን 13፣ 14 ይሞላዋል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጺሙ ብቅ ብቅ ይላል፣ ያኔ አብረውት ካሉት የ7 አመት ህፃናት ጋ ማስቀመጥም ይከብዳል፣ ወደ ሃይስኩል መላክም አይቻልም፣ ስለዚ ቤት ይቀራል። ለታዳጊዎች ት/ቤት ማቀድ ማለት በዋናነት ይሄን ክፍተት መዝጋት ነው።

በወረቀት ደረጃ መሰረቱ አለ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 41 ላይ መንግስት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ ያደርጋል ይላል፣ አካቶ ትምህርትን ሚደግፈው አለም አቀፉ የሳላማንካ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቷል፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2010 አፅድቃለች፣ ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያውን የልዩ ፍላጎት ስትራቴጂ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ከልሶታል። አቅጣጫው አካቶ ትምህርት ነው፣ ማለትም ልጁ ሰፈሩ ባለው መደበኛ ት/ቤት ከእኩዮቹ ጋ ይማር ነው። ሃሳቡ ልክ ነው፣ ግን መደበኛው ት/ቤት ክፍሉ በተማሪ ከታጨቀ፣ አስተማሪው ስልጠና ከሌለው፣ ልጁ ተካተተ ሚባለው መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

እስካሁን ያለውን ብናይ እንደየጉዳቱ ይለያያል። ዓይነ ስውራን እንደ ሰበታው ያሉ አዳሪ ት/ቤቶች አሏቸው፣ ከዛ በኋላ ወደ መደበኛ ሃይስኩል ይገባሉ፣ እዛ የብሬል መፅሀፍ እጥረት አለ፣ ሂሳብ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ተትተው ነው ሚመጡት። መስማት የተሳናቸው ታዳጊዎች ትንሽ ክፍል እያሉ ምልክት ቋንቋ ከሚችል መምህር ጋ ይማሩና ከፍ ሲሉ አስተርጓሚ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ሲገለብጡ ይውላሉ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው መንግስት ት/ቤት ግቢ ውስጥ በተከፈቱ ልዩ ክፍሎች ነው ሚማሩት፣ እዛ እድሜ ሳይለይ የ8 አመቱም የ17 አመቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ኦቲዝም (ከሰው ጋ መግባባት ሚከብድበት የአእምሮ እድገት ልዩነት) ላይ ደግሞ መንገዱን የከፈቱት ወላጆች ናቸው፣ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትመሰርት የራሷን ልጅ ሚቀበል ቦታ አጥታ ነበር፣ ነህምያ ሚባለው የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ወላጆች ያቋቋሙት ነው። ማዕከላቱ ግን አዲስ አበባ ናቸው፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው።

እንግዲህ አዲስ ሲታቀድ ከምን ይጀመር? ብዙ ጊዜ ከህንፃው ነው ሚጀመረው፣ እኔ ግን ከመጨረሻው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ልጁ 20 አመት ሲሞላው የት ይሆናል? መልሱ 12ኛ ክፍል ፈተና ከሆነ ሚያስፈልገው አስተርጓሚ፣ ብሬል፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ነው። መልሱ ስራ ከሆነ ደግሞ ዳቦ መጋገሪያ፣ ስፌት፣ ሽመና፣ ጓሮ አትክልት ያለው ወርክሾፕና ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ጋ የተፈረመ ስምምነት ነው። ለሌላው ልጅ ደግሞ መልሱ ራሱን ችሎ መልበስ፣ ገንዘብ መቁጠር፣ ታክሲ መያዝ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እናትየው ካለፈች በኋላ ሚኖረው በዚህ ነው። አሜሪካ ያሉ ሀበሻ ወላጆች ይሄን ያውቁታል፣ እዛ ህጉ ልጁ 16 ሳይሞላ የሽግግር እቅድ፣ ማለትም ከት/ቤት በኋላ ወደ ስራና ወደ አዋቂ ህይወት እንዴት እንደሚያልፍ ሚያሳይ እቅድ፣ ለልጁ በተዘጋጀው የግል ትምህርት እቅድ ውስጥ እንዲገባ ያስገድዳል፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ13፣ 14 አመት ጀምሮ ይታሰብበታል፣ ድጋፉም እስከ 25 ሊቀጥል ይችላል።

ከዛ ቆጠራው ይመጣል። ት/ቤት ያለውን ተማሪ ብቻ መቁጠር አይረዳም፣ ዋናዎቹ ልጆች ቤት ናቸውና፣ አንዳንዴም ጎረቤት እንዳያይ ጓዳ። ስለዚ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች፣ እድሮች፣ ቤተክርስቲያንና መስጊዱ ካልገቡበት ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

መምህሩ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ያሰለጥናል፣ ኮሌጆችም አሉ፣ ግን ህፃን ማስተማርና ጎረምሳ ማስተማር አንድ አይደለም። ሰውነቱ እየተለወጠ ያለ፣ ሚሰማውን በቃል መግለፅ ማይችል 15 አመት ልጅ ሲናደድ ጉልበት አለው፣ ፀጥ ያለ ክፍልና ተረጋግቶ ሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ስለ ወር አበባ፣ ስለ ሰውነት፣ ማን ሊነካህ ይችላል ማን አይችልም ስለሚለው ነገር በስዕልም በምልክትም ማስተማር ግዴታ ነው፣ እነዚህ ልጆች ለጥቃት በጣም የተጋለጡ ናቸው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ እኛ ደግሞ ስለሱ ማውራት እናፍራለን። ሽንት ቤቱም ዊልቸር ሚያስገባ፣ ውሃ ያለው፣ ልብስ መቀየሪያ ያለው መሆን አለበት።

በጀት ሲያጥር መጀመሪያ ሚሰረዘው ሰርቪስ ነው፣ እኔ በጣም ሚያናድደኝም እሱ ነው። ሰርቪስ ከሌለ እናትየው ጠዋት ልጇን ይዛ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፣ ረዳቱ ልጁን አይቶ ቦታ የለም ይላታል፣ ስትደርስ ተመልሶ መሄድ ስለማያዋጣ ግቢው በር ላይ ቁጭ ብላ እስኪወጣ ትጠብቃለች። እንጀራ ጋግራ ምትሸጥ ሴት ከሆነች ያ ቀን ገቢ የላትም ማለት ነው፣ ወር ሳይሞላም ልጁን ታስቀረዋለች።