የቆጋ ቦዮችና የጣና ደቡብ ሜዳ፦ ለብስክሌት የተመቸው የጎጃም ምድር

ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ዳር በመሸንቲ በኩል እስከ መራዊና ወተት አባይ የሚዘልቀው ሜዳ ከጎጃም ምድር ሁሉ ለብስክሌት ጉዞ እጅግ የተመቸ ነው። ጎጃም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የአባይ በረሃን አቀበት ወይም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጮቄን ተራራ ስለሆነ፣ በዚሁ ምድር ግማሽ ቀን ሙሉ ሳይደክሙ መንዳት ይቻላል ሲባል ላላየው ሰው እንግዳ ይሆንበታል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው መራዊ ከዚያ የምትበልጠው ወደ 200 ሜትር ቢሆን ነው። ልዩነቱ በመንገዱ ርዝመት ላይ ስለተከፋፈለ ማርሽ በሌለው ተራ ብስክሌት እንኳ ያለ ብዙ ድካም ይወጣል።

ጉዞው የሚጀመርባት ባሕር ዳር ራሷ ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ከሆነባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ናት። መሬቷ ሜዳ፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎቿም ሰፋፊ ስለሆኑ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ገበያ ደርሳ የምትመለሰው እናት ሁሉ በሳይክል ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት ተጓዡ ከከተማዋ ሳይወጣ ጎማ የሚለጥፍለት፣ ፍሬን የሚያጠብቅለት፣ ካቴናውን ዘይት የሚቀባለት የመንገድ ዳር ጠጋኝ አያጣም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጣና ደቡብ ሜዳ ብስክሌት ግን ከውድድሩ ይልቅ ለኑሮው የቀረበ ነው።

የአካባቢው ዋና መስሕብ የቆጋ መስኖ ነው። የቆጋ ወንዝ ለጣና ከፍተኛውን ውኃ የሚያበረክተው የግልገል አባይ ገባር ሲሆን፣ መራዊ አጠገብ በተሠራው ግድብ ተይዞ በሜጫ ወረዳ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያጠጣ ታቅዷል። ግድቡ ከመሠረቱ 21 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ከዳር እስከ ዳርም ከ1.7 ኪሎ ሜትር የማያንስ ርዝመት አለው፤ የሚይዘውም ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። የግንባታው ወጪ በአብዛኛው የተሸፈነው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን፣ ውኃው ወደ ማሳ መግባት የጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ነው።

ዋናው ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ውኃው በሞተር ሳይገፋ በራሱ ክብደት ብቻ ስለሚወርድ፣ ቦዩን የቀየሱት መሐንዲሶች የተረተሩን ወገብ ይዘው፣ ቁልቁለቱም በዓይን እስከማይለይ ድረስ አሳንሰው መሥራት ነበረባቸው። ብስክሌተኛውን የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ለጥገና ተብሎ ከቦዩ ዳር የተሠራው መንገድ ውኃውን ተከትሎ ስለሚሄድ ነጂው በአንድ ወገን የሚፈስሰውን ውኃ፣ በሌላው ወገን ደረጃ በደረጃ ወደ ታች የሚወርደውን ማሳ እያየ ያለ አቀበት ይጓዛል። በበጋ፣ ከመስኖው ውጪ ያለው አገር ገለባና ትቢያ በሆነበት ወቅት፣ ከቦዩ በታች ያለው መሬት በስንዴ፣ በድንች፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በጎመንና በቃሪያ ለምልሞ ይገኛል፤ ከጊዜ ወዲህም አቮካዶ የሚተክለው ገበሬ በዝቷል። ከቦዩ በላይና በታች ያለውን ልዩነት በዚህ መንገድ ላይ እየነዱ እንደማየት መስኖ ምን እንደሆነ በግልጽ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ቦዮቹ የሚሠሩበትን መንገድ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ቦይ ከዋናው በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ በሲሚንቶ ግንብ መሐል እየተሽከረከረ የሚነሣና የሚወርድ የብረት መዝጊያ አለ። ከዚያ በታች ያሉት ትናንሽ ቦዮች ግን አፈር ናቸው፤ ተራው የደረሰው ገበሬ በአካፋ የቦዩን ጠርዝ ከፍቶ ውኃውን ወደ ትልሙ ያስገባል፣ ጫፍ እስኪደርስም በባዶ እግሩ እየተከተለ ያቀናዋል፣ ተራው ሲያበቃ በዚያው አፈርና ሣር መልሶ ይደፍነዋል። በዋናው ቦይ ውኃው ሌሊትም ሲፈስስ፣ ማሳ የሚጠጣው በቀን ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ውኃ ባክኖ እንዳይቀር በመስኖው ክልል 12 የሌሊት ማከማቻ ኩሬዎች ተሠርተዋል፤ ሌሊት ሲሞሉ አድረው ሲነጋ ይለቀቃሉ። ማለዳ ላይ በኩሬዎቹ ዳር ሳቢሳና ይብራ ስለማይታጡ ወፍ ለሚወድ ተጓዥ ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ይህ ነው።

ውኃን በተራ የመካፈል ልማድ በጎጃም ከዘመናዊው ግድብ ይቀድማል። ገበሬዎች ከምንጭና ከወንዝ ጠልፈው በሚያጠጡባቸው ቀበሌዎች ተራ የሚያስጠብቀውና ጠብ የሚያበርደው ሰው የውኃ አባት ይባላል፤ የሚመረጠውም በታማኝነቱ ነው። በቆጋ ይህን ሥራ በአብዛኛው የተረከቡት የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ናቸው። በበጋው ማብቂያ ውኃው ሲያንስ ከላይኛውና ከታችኛው ማሳ ባለቤቶች መካከል የሚነሣው ክርክር ቀላል ስላልሆነ፣ መንገደኛ የተዘጋ መዝጊያ መነካካት ቀርቶ ተደግፎት መቆም እንኳ የለበትም።

የቦይ ዳር መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ መንገድ ነው። ጭነት የያዘ አህያ፣ ውኃ የሚጠጣ ከብት፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በሚያጋጥሙበት ጊዜ ከብስክሌት ወርዶ እየገፉ ማለፍ ይገባል። የዋናው ቦይ ግድግዳ ተዳፋት ሆኖ የተለሰነና አልጌ የያዘው ስለሆነ የወደቀ ሰው በቀላሉ አይወጣም፤ ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መንዳት እዚህ አይመከርም። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ያለፈ መንገደኛ «ደኅና ግባ» ተብሎ ይሸኛል፤ ሰላምታ ሳይሰጥ የሮጠ ግን በአገሬው ዘንድ እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

በዚህ ዙሪያ ከሚገኙት ጥንታዊ መንደሮች ቀዳሚዋ ዜጌ ናት። ከባሕር ዳር በየብስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በኮረኮንች መንገድ የሚደረስባት ይህች ልሳነ ምድር በቡና ጫካ የተሸፈነች ናት፤ ነዋሪዎቿ በጥንት ቃል ኪዳን መሠረት መሬቷን በበሬ ማረስን እንደሚከለከሉ ይናገራሉ። ክብ ቅርጽ ያላቸው የኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የአዝዋ ማርያምና የቤተ ማርያም አብያተ ክርስቲያናት መቅደሳቸው በሥዕል የተሞላ ነው። በጫካው ውስጥ ያሉት የእግር መንገዶች ሥርና ድንጋይ የበዛባቸው ስለሆኑ ብስክሌቱን መንደር ላይ አስጠብቆ በእግር መቀጠል ይሻላል። ከሐይቁ በስተ ደቡብ የምትገኘው ይባባ ደግሞ የጎንደር ነገሥታት ይቀመጡባት የነበረች ቦታ ስትሆን፣ ከስሟ ጋር የሚስተካከል ጎብኚ አላገኘችም፤ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው።

በሌላ አቅጣጫ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጢስ አባይ በፏፏቴዋ የታወቀች ናት። ከፏፏቴው በታች ያለው የአላታ ድልድይ በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ሲሆን እስከ ዛሬ እግረኛና ከብት ያሻግራል። እዚህም የቦይ ጉዳይ አለ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫና በ2001 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ሁለተኛው ከወንዙ ውኃ ስለሚጠልፉ የፏፏቴው ግርማ እንደ ወቅቱና እንደ ማመንጫው ሥራ ይለያያል። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ እስከ መስከረም መሄድ አለበት።

ለቦዮቹ ግን የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ክረምት ላይ መስኖው አያስፈልግም፤ የሜዳው ዋልካ አፈርም በጭቃ ጠባቂው ላይ ተጋግሮ ጎማ አላዞር ይላል። ከመጋቢት በኋላ ቀትሩ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ከመራዊ የሚመለሰውን ሰው ከፊት ለፊት ስለሚገጥመው፣ ማልዶ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ የአገሩ ነጂዎች ልማድ ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ለአስፋልቱ እንጂ ለቦዩ ዳር አይሆንም። የግራር እሾህ ስላለ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ፖምፓ መያዝ ግድ ነው። በዋናው አውራ ጎዳና ላይ አይሱዙና የሕዝብ ማመላለሻ በፍጥነት ስለሚያልፉ ዳር ይዞ መንዳት ያስፈልጋል። ስንቅን በተመለከተ ከመሸንቲና ከመራዊ ሽሮ፣ ዳቦና ቆሎ ይገኛል፤ የአካባቢው ጠላ በአብዛኛው የዳጉሳ ሲሆን፣ ለነጂ የሚሆነው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መራዊንና አካባቢዋን ጨምሮ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተጎድቷል፣ መንገዶችም በየጊዜው ይዘጋሉ። ስለዚህ ማንኛውም ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከአገሬው ሰው ማረጋገጥ አለበት።

ከወተት አባይ ወዲያ መንገዱ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ እያሻቀበ ሜዳነቱ ያበቃል። ጉልበት ያለው ነጂ ግን የግልገል አባይን መነሻ ፍለጋ እስከ ሰከላ መዝለቅ ይችላል። በ1618 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የደረሱባት የግሽ አባይ ምንጭ እዚያ ስትሆን፣ ለምእመናን ጠበል ስለሆነች ወደ እርሷ የሚቀርብ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ የቦታውን ሥርዓት ጠይቆ መግባት ይጠበቅበታል።