የአውሮፓው «አንቀጽ 17» ምንድን ነው?

እህታችሁ ፍራንክፈርት ተዳረች እንበል። የሠርጉን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጫናችሁ፤ ከጀርባ የታወቀ ዘፈን ይሰማል። የዘፈኑ ባለቤት ቢቆጣ ተጠያቂው ማነው? እናንተ ወይስ ዩቲዩብ? የአውሮፓ ኅብረት ዓመታት የተሟገተበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ በመጨረሻ የሰጠው መልስ ደግሞ አንቀጽ 17 ይባላል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮው መልስ ቀላል ነበር። በ2000 የወጣው የኅብረቱ የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ ፕላትፎርሞችን (ሰው የሚጭነውን የሚያስተናግዱ ድረ ገጾችን) እንደ መጋዘን አከራይ ነበር የሚያያቸው። አከራይ ሰው ያስቀመጠውን ካርቶን ሁሉ እየከፈተ አያይም፤ «የእኔ ዕቃ ተሰርቆ እዚህ ገብቷል» ሲባል ግን ቶሎ ማውጣት አለበት። የቅጂ መብት መመሪያው የወጣው በ2001 ነው፤ ዩቲዩብ ገና አልተፈጠረም። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ሲኒማ ቤት ሆኖ አረፈው። ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ቀጥሎ የምታዩትንም እሱው ይመርጥላችኋል። የሙዚቃ ኩባንያዎች «በእኛ ዘፈን እየከበራችሁ፣ ክፍያ ሲነሳ መጋዘን ነን ትላላችሁ» አሉ። እኔ በዚህኛው ላይ እውነታቸውን ነው ባይ ነኝ።

የኅብረቱን ሕጎች የሚያረቅቀው የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 የአዲስ ቅጂ መብት መመሪያ ረቂቅ አቀረበ። የኅብረቱ ፓርላማ ማርች 26 ቀን 2019 በ348 ድጋፍና በ274 ተቃውሞ አጸደቀው። የዚህ መመሪያ አንቀጽ 17 የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ተጠቃሚ የጫነውን ሥራ ለሕዝብ የሚያሳየው ፕላትፎርሙ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከባለመብቱ ፈቃድ ይግዛ። ፈቃድ ካላገኘ ደግሞ ለማግኘት የተቻለውን ያህል እንደጣረ፣ ባለመብቱ አስቀድሞ ያሳወቀው ሥራ ገጹ ላይ እንዳይወጣም እንደሠራ ማስረዳት አለበት። ካላስረዳ ተጠያቂ ነው።

ጦርነቱ የተነሳው «እንዳይወጣ» ከምትለው ቃል ነው። በደቂቃ ስንት ሰዓት ቪዲዮ የሚጫንበት ቦታ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያጣራ አይችልም፤ ማሽን ነው የሚያጣራው። ማሽን ደግሞ ቀልድ አይገባውም። ዘፈኑን ያውቀዋል፣ ዘፈኑ እየተተቸ ይሁን እየተሾፈበት ግን አያውቅም። ሕጉ ጥቅስን፣ ትችትንና ፓሮዲን (አስመስሎ ማሾፍን) አትንኩ ይላል፤ በሌላ በኩል አጣሩ ይላል። የጀርመንኛው ዊኪፔዲያ እንኳን፣ እንደ እሱ ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ ኢንሳይክሎፒዲያዎችን አንቀጹ ነጻ እያወጣቸው፣ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ለተቃውሞ አንድ ቀን ሙሉ ገጹን ዘጋ። በጀርመን ከተሞች ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ፖላንድ አንቀጹን ተቃውማ ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሄዳ ተከራከረች፤ በ2022 ተረታች፤ ቢሆንም ፍርዱ ራሱ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው በቅጡ መለየት የማይችል ማጣሪያ ሕጋዊ አይደለም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ «መመሪያ» ነው። መመሪያ ማለት ብራስልስ (የኅብረቱ መቀመጫ) ግቡን ትነግርሃለች፣ ሕጉን ግን እያንዳንዱ አገር በራሱ ፓርላማ ይጽፈዋል። ቀነ ገደቡ ጁን 7 ቀን 2021 ነበር። አብዛኞቹ አገሮች ቀኑ አለፈባቸው፤ ፖላንድ የጨረሰችው በ2024 ነው። እንግሊዝማ የባሰች ናት፦ በ2019 ደግፋ ድምፅ ሰጠች፣ ከኅብረቱ ስትወጣ «አልተገብረውም» አለች።

ከሁሉም ደፍራ ቁጥር ያስቀመጠችው ጀርመን ናት። ከኦገስት 2021 ጀምሮ እስከ 15 ሰከንድ የሚደርስ ድምፅ ወይም ቪዲዮ፣ እስከ 160 ፊደል የሚደርስ ጽሑፍ፣ እስከ 125 ኪሎባይት የሚደርስ ፎቶ፣ ከሥራው ከግማሽ በታች ከሆነና (ፎቶ ግን ሙሉውም ይሆናል) ከሌላ ይዘት ጋር ከተቀላቀለ፣ ገንዘብም ካላጋበሳችሁበት፣ ማሽኑ በራሱ ጊዜ አያግደውም። ባለመብቱ ቅሬታ ካለው ያቅርብ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ቪዲዮው ይቆያል። ለምን 15፣ ለምን 16 አልሆነም ብትሉ እኔም መልስ የለኝም፤ የድርድር ቁጥር ነው የሚመስለው። ግን ማሽን «ፓሮዲ» የሚለውን ባይረዳም ሰከንድ መቁጠር ይችላል፣ ብልሃቱ እዚያ ላይ ነው።

ወደ ሠርጉ እንመለስ። ሙሽራዋ ስትገባ ዘፈኑ አራት ደቂቃ ሙሉ ከተሰማ 15 ሰከንዱ አያድናችሁም። ያኔ ጥያቄው ዩቲዩብ ከባለመብቱ ጋር ተስማምቷል ወይ ነው። ጀርመን ውስጥ ዩቲዩብና የሙዚቃ ባለመብቶች ማኅበሩ ጌማ ለዓመታት ተጣልተው ስለነበር፣ እስከ 2016 ድረስ ስንቱ ክሊፕ «በአገርዎ አይታይም» እየተባለ ሲዘጋ ኖሯል። ዛሬ ፈቃዱ ካለ፣ በአንቀጽ 17 መሠረት ያው ፈቃድ እናንተንም ይሸፍናል፤ ቪዲዮውን መነገጃ እስካላደረጋችሁት ድረስ።